ማጠንከሪያ ያበዛሁባት ጀልባ

አሮጌ ፋይበር ሲፋቅ የሚወጣውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል። የጫማ ማስቲሽና ከልክ በላይ የበሰለ ሙዝ አንድ ላይ የታሹ ይመስላል። አንዴ አፍንጫ ውስጥ ከገባ ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብታል፤ ሲበሉ ምግቡ ላይ፣ ሲተኙ ትራሱ ላይ አለ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች "ይሄን ሽታህን በር ላይ ትተህ ግባ" ትለኝ ነበር። እሷ ካረፈች፣ ልጆቹም በየፊናቸው ከሄዱ ወዲህ የሚቆጣኝ ስለሌለ ሽታውም፣ ሥራውም፣ እኔም ጸጥ ብለን ነበር። ሥራ ያቆመ የመኪና ቦዲ ሠራተኛ ምን ያደርጋል? ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሮቤን ባጃጆች አነዳድ እያየ ብቻውን ይነጫነጫል።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ግን አንድ አይሱዙ በሬ ላይ ቆመ፤ ላዩ ላይ ጀልባ ተጭኗል። ሮቤ ላይ ጀልባ! በዙሪያችን ከስንዴ ማሳ በቀር ምን አለና? ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። አንዷማ "ጋሽ ግርማ፣ የኖኅ ዘመን ሊመለስ ነው ብለውዎት ነው ያዘዙት?" ብላ ቀለደችብኝ፤ ክረምቱ ሊገባ ነበርና ሰው ሳቀ። ጀልባዋን ያመጣው ቱራ የሚባል፣ አርባዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው፤ የመልካ ዋከና ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች ሊቀ መንበር። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

"አካም ጅርቱ፣ ጋሼ? የፋይበር ሥራ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት አይደል?"

"ድሮ ነበር። ማን ነገረህ?"

"ደሎ መና ያሉ ሽማግሌ ናቸው፣ ኦቦ ጀማል የሚባሉ የማር ነጋዴ። የዚህችን ጀልባ ነገር እሳቸው ያውቃሉ ሲሉን መጀመሪያ እሳቸው ጋ ሄድን። ግን ዓይናቸው ደክሟል። 'ሮቤ ግርማ የሚባል ሰው አለ፣ እሱ ጋ ውሰዷት፤ ይችላል' አሉን።"

ይችላል አለ፣ ጀማል። የበረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ቱራ የደከመኝ መስሎት ውሃ አስመጣልኝ። እኔ ግን የደከመኝ ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ነው። ነገሩን ከመነሻው ልናገረው፤ ዳር ዳር ማለት ለዕድሜዬም አይበጅ። ይህ ጀማል የሚባለው ሰው ጎባ ላይ የሥራ ባልደረባዬና ወዳጄ ነበር። እኔ ላጠፋሁት ጥፋት እሱ እንዲጠየቅ ያደረግኩት፣ ሥራውን አስጥዬ ከከተማ ያስወጣሁት፣ በአንዲት ውሸት፣ እኔ ነኝ። ለባለቤቴ እንኳ አልተናገርኩትም። ለንስሐ አባቴ ስናዘዝም ሌላ ሌላውን ሁሉ አውርቼ እሷን ዘልዬ ነው የማልፈው። አሁን ግን ሁለታችንም ሽማግሌዎች ሆነናል፤ ከሁለት አንዳችን ከመሞታችን በፊት ይህን ነገር ፊቱ ቆሜ ልናገረው እችል ይሆን? ጀልባዋ ስትወርድ የማስበው እሱን ብቻ ነበር።

ያኔ ጎባ ጎባ ነበረች። ቢሮው ሁሉ እዚያ፣ ደመወዝተኛው እዚያ፣ ሹሙም እዚያ፤ ሮቤ አውቶቡስ ለአፍታ ቆሞ የሚያልፋት ሠፈር ነበረች። ዛሬ እሷ ገንና ሰው ሁሉ ወደሷ ሲጎርፍ እኔም አብሬ ጎረፍኩ እንጂ ልቤ እዚያው ከባሕር ዛፉ ሥር ቀርቷል። ጋራዣችን ከገበያው ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ጥግ ላይ ነበር። በስተግራ ካሴት ቤት፣ ፊት ለፊት የእትዬ አስካለ ሻይ ቤት። ካሴት ቤቱ ጠዋት ጠዋት ክራር ይከፍታል፣ ከሰዓት ወደ ኦሮምኛው ይዞራል፤ እኔ ጠዋቱን፣ ጀማል ከሰዓቱን እንጠብቅ ነበር። ሻይ በስሙኒ፣ ቦምቦሊኖው እንደ ሰው ጡጫ ያህል፤ ዛሬ በዚያ ስሙኒ የሻዩን ሽታ እንኳ አይሸጡልህም። እትዬ አስካለ ከኔ ትንሽ ትበልጠኛለች፤ ያኔ ገና ወጣት ሴት፣ ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ ምላሷ ስለት። ደንበኛ ሁሉ ቆሞ እየጠበቀ ለጀማል ዝንጅብል የበዛበትን ሻይ ቀድማ ትቀዳለታለች። "እሱ የበረሃ ሰው ነው፣ ብርዱ ይገድለዋል" ትላለች። ለኔ "አንተን ብርድ አይነካህም፣ ቆዳህ የጎሽ ነው" ነው መልሷ። የለበስነው ለሁላችንም አንድ ዓይነት ነበር፤ ከሰልባጅ የተገዛ ካፖርትና እግሩ የሰፋ ቦላሌ። ጀማል ብቻ ከካፖርቱ በላይ ነጭ ኮፍያውን ይጨምራል፤ ቀለም እየረጨ የሚውል ሰው እንዴት አድርጎ ያን ኮፍያ እንደሚያነጻው እስከ ዛሬ አይገባኝም።

የደሎ መና ልጅ ነው። በወጣትነቱ አሰብ ወደብ ወርዶ ጀልባ ሲጠግን ኖሮ ነው የተመለሰው። እኔ ላሜራ መቀጥቀጥና ስቱኮ መለሰን አውቃለሁ፤ ፋይበር የሚባለውን ነገር ግን ያስተማረኝ እሱ ነው። የውሃ ታንከር፣ የአምቡላንስ ጣሪያ፣ የጭነት መኪና ጭቃ መከላከያ፣ የመጣውን ሁሉ እንጠግን ነበር። ፋይበሩ ላይ ጄል ኮት የሚባል የሚያብረቀርቅ ቆዳ አለ፤ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው። የሚሰነጠቀውም እሱ ነው። ሰው ስንጥቅ ሲያይ ቶሎ ቀለም ደፍኖ መገላገል ነው የሚያምረው። ጀማል ግን ስንጥቁ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ ሻዩን እየጠጣ፣ ረጅም ሰዓት ያያል። "ግርማ፣ መጀመሪያ ምን እንዳመመው ጠይቀው" ይለኛል። ከአንድ ነጥብ ተነስቶ እንደ ሸረሪት ድር ዙሪያውን ከተረጨ የተመታ ነው፤ ድንጋይ ወይም መልሕቅ ወድቆበታል። ጎን ለጎን እንደ ትልም ከተሰመረ ከሥሩ ያለው አካል ደካማ ነው፣ በተረገጠ ቁጥር ይለምጣል፤ ውስጡን ሳታጠነክር ላዩን ብትደፍነው ልፋትህን ውሃ በላው። "ሦስተኛውስ?" ስለው ይስቃል። "ሦስተኛው የሠራተኛው ነው። ወፍራም አድርጎ የለቀለቀው፣ ወይም ማጠንከሪያ ያበዛበት። እሱ ሲሰነጠቅ ቦታ አይመርጥም፣ ሁሉም ይፈረካከሳል።" ማጠንከሪያ የሚለው በትንሽ ጠርሙስ የሚመጣውን ውሃ የመሰለ ነገር ነው፤ ጄል ኮቱ ውስጥ ካልገባ አይደርቅም። ለኪሎ አራት ክዳን፣ ከዚያ አያልፍም።

ጣጣው ጎባ ብርድ ነው። ሙቀት ከሌለ ጄል ኮት ዝም ብሎ እንደ ጥሬ ሊጥ ይለጠፋል። የደጋ ሠራተኛ ሁሉ ለዚህ የነበረው መላ አንድ ነው፤ ማጠንከሪያውን መጨመር። በስቱኮ ስለለመድነው አይገርመንም፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ያብረቀርቃል፣ ባለቤቱ አመስግኖ ይሄዳል። ጀማል ይህን ሲያይ ደሙ ይፈላል። "ብርዱን በጠርሙስ አትሸንፈውም! ወይ ቤቱን አሙቅ፣ ወይ ሙቀት ያለበት ሂድ።" ሲል ደግሞ የምሩን ነው። የመልካ ዋከና ሰዎች ከስምጥ ሸለቆ በሁለተኛ እጅ ያመጧትን ይህችኑ ጀልባ መጀመሪያ ሲያመጡልን፣ የመቀመጫው ብሎን ዙሪያ ተሰነጣጥቃ ነበር። ስንጥቁን አንድ በአንድ በሹል መፋቂያ ከፍተን፣ ጫፉ የት እንደሚያበቃ አይተን፣ በአሴቶን አጥበን አዘጋጀናት። ከዚያ "ደሎ መና እንሂድ" አለ። ያበደ መሰለኝ። ጀልባዋን መኪና ላይ ጭነን፣ እኛ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጠን፣ የሳነቴን ተራራ ወጣን።

ይህችን ጉዞ እንዴት ልንገራችሁ። ጉም ውስጥ፣ ከደመና በላይ፣ ሁለት ካፖርት የለበሱ ሰዎች በጀልባ ሲሄዱ አስቡት። ረጃጅሙ የጅብራ ተክል ግራና ቀኝ ቆሞ ያየናል፤ አንድ ቀይ ቀበሮ አይጥ ማደኑን ትቶ ቀና ብሎ አየን፣ ጀማልም "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ እጁን አነሳለት። ሳቄ ከብርዱ ጋር ደረቴን ያዘኝ። ቁልቁለቱን ይዘን ሐረና ጫካ ስንገባ ካፖርቱን አወለቅን፣ ሪራ ማር ስንገዛ ሹራቡን፣ ደሎ መና ስንደርስ በሸሚዝ ቀረን። ጀማል ጄል ኮቱን በአራት ክዳን በጥብጦ ቀባው፣ ላስቲክ አለበሰው፤ በማግሥቱ ከሰዓት የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስን ስናሸው እንደ ዕብነ በረድ ነበር። እናቱ ቤት ቆጡ ሥር ተኝተን የዚያን ቀን የሳቅነውን ያህል በሕይወቴ የሳቅኩ አይመስለኝም። ዛሬ ብቻዬን ስቀመጥ የሚመጣብኝ ያ ሳቅ ነው፤ ይመጣና ከኔ ጋር የሚስቅ ሲያጣ ይሄዳል።

በሌላ ዓመት፣ ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ጀልባዋ ተመልሳ መጣች። አሁን የተመታችው ሆዷን ነው፤ ዳር ስትወጣ ቋጥኝ ልጧታል። የዓሣ ገበያው በጾም ይደራል፤ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለቀሳውስት ልተወውና፣ የጎባ ሰው ይበላ ነበር፣ አስጋሪዎቹም ለጾሙ ይቸኩሉ ነበር። ጀማል ደግሞ ለዚያራ፣ ለመቃብሩ ጉብኝት፣ ሼክ ሁሴን ሊሄድ ተነስቷል፤ በየዓመቱ ይሄዳል፣ ምንም ቢመጣ አይቀርም። ስንጥቁን ከፍተን ካዘጋጀን በኋላ ባላ በትሩን ይዞ በር ላይ ቆመ። "እስክመለስ አትንካት። ዝናብ ነው፣ ብርዱ ከፍቷል። ስመጣ ደሎ መና እናወርዳታለን።" እሺ አልኩት። "ወላሂ በል" አለኝ እየሳቀ፤ እኔም ክርስቲያኑ "ወላሂ" አልኩለት።

አስጋሪዎቹ በየቀኑ ይመጣሉ። በአራተኛው ቀን እጅ እጅ አለኝ። ደግሞስ፣ እውነቱን ልናገር ከተባለ፣ ያለ ጀማል አንድ ሥራ ጨርሼ "ግርማም ይችላል" እንዲባልልኝ አምሮኝ ነበር። ጠዋት በአራት ክዳን በጠበጥኩና ቀባሁ። እኩለ ቀን ስነካው ጣቴ ላይ ተለጠፈ። ጠርጌ አነሳሁትና እንደገና፣ አሁን በስምንት። ስሞክረው የዘገየ ስለመሰለኝ ዘጠነኛ፣ ዐሥረኛ ጨመርኩ፤ ጉድለቱን እንዲሸፍንልኝም ወፈር አድርጌ ለቀለቅኩት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደረቀ። እንዴት ያብረቀርቅ ነበር! እትዬ አስካለ ሳትቀር መጥታ ፊቷን አይታበት ሄደች። አስጋሪዎቹ መርቀውኝ ጭነዋት ሄዱ፣ እኔም ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። መኪናው ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ሁለቱ አስጋሪዎች ሲወርዱ ፊታቸውን አይቼ ገባኝ። ሐይቁ መካከል ላይ ሆዷ እንደ ደረቀ ጭቃ ተፈረካክሶ ውሃ አስገብታለች፤ በቆርቆሮ እየቀዱ፣ መረቡን ከነዓሣው ጥለው ነው ነፍሳቸው የተረፈችው። ትልቁ አስጋሪ ጮኸ። "ልጆች አሉን እኮ! ማነው እንዲህ የሠራት?" ካሴት ቤቱ ዘፈኑን ዘጋ። ጋሪ ነጂው ፈረሱን አቆመ። እትዬ አስካለ ትሪዋን እንደ ያዘች ደጃፏ ላይ ቆመች። ሁሉም እኔን ያያሉ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ "ጀማል ነው" አልኩ። "ከመሄዱ በፊት በጥብጦ የተወልኝን ነው የቀባሁት። እኔ የላሜራ ሰው ነኝ፣ ፋይበር ምን አውቃለሁ?" ማጠንከሪያ የገባበት ጄል ኮት ተበጥብጦ አንድ ቀን እንኳ እንደማይቆይ የሚያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም፤ የሚያውቀው ጀማል ሼክ ሁሴን ሄዶ ነበር። ሰዎቹ አመኑኝ። ነገሩ ቀላል መሆኑ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል።

ጀማል በሁለተኛው ቀን መጣ፤ ልብሱ አቧራ ለብሶ፣ ለኔ ቴምር በጨርቅ ቋጥሮ። ወሬውን ከኔ በፊት ጋሪ ነጂው ነግሮታል። ጀልባዋ ሥር ተንበርክኮ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ጥፍር ላጥ አደረገው፤ ወፍራም ቅርፊት ተነስቶ መዳፉ ላይ ወደቀ። ወደ ውስጥ ገባ። የማጠንከሪያውን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው። ሲሄድ ሙሉ ነበር፤ አሁን ጎድሏል። መልሶ አስቀመጠውና ወደኔ ዞረ።

"ግርማ፣ የምትነግረኝ ነገር አለ?"

"የለም" አልኩ።

ከመጀመሪያው ውሸት ይልቅ ያንገበገበኝ ይህች ቃል ናት። የመጀመሪያውን የተናገርኩት ሰው ፊት ተደናግጬ ነው ብዬ ራሴን ላባብል እችላለሁ፤ ይህችን ግን ማንም ሳይኖር፣ ሁለታችን ብቻ ቆመን፣ አስቤ ነው ያልኳት። ጀማል በማግሥቱ መኪና ተከራይቶ ጀልባዋን ይዞ ወደ ደሎ መና ወረደ። ከዐሥር ቀን በኋላ ሾፌሩ መለሳት፤ ሆዷ ተበጅቶ፣ ተወልውሎ። ጀማል ግን አብሯት አልመጣም። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልኩ መሣሪያውን ከግድግዳው ሳላወርድ ሰባት ስምንት ዓመት ያችው ጥግ ላይ ሠራሁ። ሌላ ሰው አስገባ ሲሉኝ እንቢ አልኩ። ኋላ ጠቅልዬ ሮቤ ገባሁ።

እንግዲህ ያቺ ጀልባ ናት በሬ ላይ የወረደችው። ቱራ ያመጣት አፍንጫዋ ላይ በመልሕቅ ተመትታ ነው። ከአፍንጫዋ በፊት ግን ሆዷን ገልብጬ አየሁ። የጀማል ጥገና እንዳለ አለ፤ ሰማያዊ ቀለሙ ከሌላው ቦታ ትንሽ ይደምቃል እንጂ አንዲት ጸጉር የምታህል መስመር የላትም። ይህን ሁሉ ዘመን፣ ያን ሁሉ ድንጋይና አሸዋ ችላ። እጄን አሳርፌባት ብዙ ቆየሁ፤ ቱራ ስንጥቅ የምፈልግ መስሎት "እዚያ ጋ ደህና ነው፣ ጋሼ" አለኝ። አፍንጫዋን ስፍቅ ሽታው ወጣና ያ ሁሉ ዘመን ተነሳብኝ። አሴቶኑ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ። የግቢዬን መጠለያ በላስቲክ ጋረድኩ፣ አምፖሎች ሰቅዬ አሞቅኩት፣ ለኪሎ አራት ክዳን። ቱራ "ቶሎ ይደርስልናል?" ሲለኝ "አይደርስም" አልኩት። አምስት ቀን አስጠበቅኩት። በስድስተኛው ቀን ጀልባዋ ወደ ሐይቋ፣ እኔ ደግሞ በአውቶቡስ ወደ ደሎ መና።

ጀማልን ሱቁ ደጃፍ ላይ ሽርጡን አሸርጦ፣ በማር ጀሪካኖች መካከል ተቀምጦ አገኘሁት። ቀጭን ነው፣ ጢሙ ነጭ፣ ዓይኖቹ ላይ ሞራ ወጥቷል። ሰላም ስል ራሱን ዘንበል አደረገ።

"ግርማ ነህ? ድምፅህ አልተለወጠም። ጀልባዋስ?"

"ሄደች።"

"ስንት ክዳን አደረግክ?"

"አራት።"

"ብርዱስ?"

"አምፖል ሰቀልኩ።"

"መሻአላህ" አለ፣ ከልቡ ደስ ብሎት። ያን ጊዜ አልቻልኩም። መንገድ ላይ መሆኔን ረስቼ ሁሉንም አፈሰስኩት፤ ዐሥሩን ክዳን፣ ሰው ፊት ያልኩትን፣ "የለም" ያልኩትን። ጀማል አላቋረጠኝም። ስጨርስ ጉልበቴን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና ያዘው።

"ጠርሙሱን አይቼ የለ? አፉ ብዬ ይቅር ያልኩህ ያኔውኑ ነው፣ ገና ሪራ ሳልደርስ። ሳነቴ ለብቻው ይከብዳል፣ ቂም ጨምሬ መሻገር አቃተኝ።"

"ታዲያ ለምን አልተመለስክም?"

"እኔ አንተን ይቅር አልኩ እንጂ ሰዎቹ እኔን ይቅር አሉ እንዴ? ጎባ ላይ ሰው ሊያሰጥም የነበረ ተብዬ እንዴት ጋራዥ እከፍታለሁ? ወሬው እዚህም ደርሶ ፋይበር የሚያሠራኝ ጠፋ። እጄ ሥራ ፈታ፣ ግርማ። እሱ ነው ያመመኝ። ማር መነገድ ጀመርኩ፤ አልሃምዱሊላህ፣ ልጆቼን አሳደግኩበት።"

"አሁን ምን ላድርግልህ?"

"ለኔ ምን ትነግረኛለህ፣ እኔ አውቀዋለሁ። ለነሱ ንገራቸው። እዚያው በተናገርክበት ቦታ።"

"እኮ ብዙዎቹ ሞተዋል።"

"የቀረ አይጠፋም" አለና ልጁን ጠርቶ ምሳ አዘዘልኝ። በልተን ስለ ልጆች፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ማር ዋጋ አወራን። እንደ ድሮው አልሳቅንም። ከቤተሰቡ ጋር አደርኩና ጠዋት ልጁ አውቶቡስ ላይ አሳፈረኝ።

ሮቤ ሳልደርስ ጎባ ወረድኩ። ጥጉ እንዳለ አለ፣ ጋራዡ ግን ሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ ካሴት ቤቱ ፋርማሲ። ስለ ጋሪ ነጂው ጠየቅኩ፣ ሞቷል። ሁለቱ አስጋሪዎች ማረፋቸውን ቱራ ነግሮኛል። ሻይ ቤቱ ውስጥ ጭማቂ የምትሸጥ ወጣት ሴት እትዬ አስካለን ስጠይቃት "አያቴን ነው? ጓሮ ፀሐይ ላይ ናቸው" አለችኝ። እትዬ አስካለ ጋቢ ደርባ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ገና ሳልቀርባት "ግርማ የጋራዡ!" ብላ እጇን ዘረጋች። አገላብጣ ሳመችኝ፣ ስለ ባለቤቴ ማረፍ አዘነችልኝ፣ የልጆቼን ስም አንድ በአንድ ጠራች። አእምሮዋ እንደ ምላሷ ስለት ነው፤ ደስ አለኝ። ፊቷ ቁጭ ብዬ ተናገርኩ፤ የዚያን ቀን ደጃፍሽ ላይ ቆመሽ የሰማሽው ውሸት ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጀማል እጁ የለበትም አልኳት። እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"የቱ ጀማል?" አለች።

ረጅሙ፣ ነጭ ኮፍያ የሚያደርገው፣ የደሎ መናው፣ ዝንጅብል የበዛበት ሻይ የምትቀጂለት አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ቆየች፤ ከልቧ ስትፈልገው አየኋት። ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

"አላስታውሰውም፣ የኔ ወንድም። አንተማ ሁልጊዜ ብቻህን ነበርክ የምትሠራው። ታሳዝነኝ ነበር።"